ተክሉ ሳይጎዳ የአኳሪየም ቅጠል ላይ የያዘ አልጌን ማስወገድ

«አኑቢያሱ ላይ ጥቁር ጢም የመሰለ ነገር በቀለበት፤ በረኪና ውስጥ ብነክረው ይሞታል?» ይህ ጥያቄ መልኩን እየቀያየረ ስለሚመላለስ መልሱን ከነመጠኑና ከነምክንያቱ እዚህ ታገኙታላችሁ። አጭሩ መልስ ይሄ ነው፦ አኑቢያስ (ጠንካራ ቅጠል ያለው የአኳሪየም ተክል) በትክክለኛው መጠንና ሰዓት ከተነከረ አይሞትም፣ ቫሊስኔሪያ (ረጅም ስስ ቅጠል ያለው ተክል) ግን ይሞታል። ለሁለቱም ቢሆን ከበረኪናው በፊት መቀስና ብሩሽ ይቀድማሉ፤ አብዛኛው አልጌ (ቅጠሉ ላይ የሚበቅለው ዋቅላሚ) እዚያው ላይ ስለሚያልቅ በረኪናው ጭራሽ ላያስፈልግ ይችላል።

መጠኖቹ ሁሉ 100 ሊትር ውሃ ለሚይዝ አኳሪየም የተሰሉ ናቸው። የእናንተ 50 ሊትር ከሆነ አኳሪየሙ ውስጥ የሚገባውን ነገር በግማሽ ቀንሱ።

መጀመሪያ ያያችሁት ነገር አልጌ መሆኑን አረጋግጡ

ጃቫ ፈርን ያላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ጤነኛ ተክል ሲፍቁ ይውላሉ። የጃቫ ፈርን ቅጠል ጀርባ ላይ ተደርድረው የሚወጡት ቡናማ ነጥቦች ተክሉ የሚራባባቸው ስፖሮች ናቸው። ከቅጠሉ ጫፍ የሚንጠለጠሉት ቡናማ ፀጉሮችም አዲስ የሚወለደው ችግኝ ሥሮች ናቸው። ሁለቱንም አትንኩ።

አልጌ ከሆነ ደግሞ የትኛው እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ አንዱን የሚያስወግደው ዘዴ ሌላውን ያባዛዋል።

- ቡናማ አቧራ (ዳያተም)፦ አዲስ በተተከለ አኳሪየም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይወጣል። በጣት ሲነካ ይለቃል። ኬሚካል አይፈልግም፤ ውሃው ሲረጋጋ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል።
- አረንጓዴ ነጥብ፦ መስታወትና እድሜ ያለው የአኑቢያስ ቅጠል ላይ ክብ ክብ እየሠራ ድርቅ ብሎ ይጣበቃል። በብሩሽ አይለቅም፤ ቅጠሉን ሳትጎዱ ልታነሱት ስለማትችሉ መፍትሔው መቀስ ነው።
- ክር አልጌ፦ ረጅም አረንጓዴ ፀጉር ሆኖ ተክሎችን እርስ በርስ ይተበትባል። ለማውጣት ከሁሉም የሚቀለው ይሄ ነው።
- ጥቁር ጢም፦ የቅጠል ጠርዝ ላይ አጭር፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ግራጫ ሆኖ ይበቅላል። በጣት ቢጎተት አይነቀልም። ፐርኦክሳይድና በረኪና የሚያስፈልጉት በዋናነት ለእሱ ነው።
- ሰማያዊ አረንጓዴ ንፍጥ፦ እንደ ስስ ጨርቅ ተገፎ ይነሳል፣ መጥፎ ሽታ አለው። አልጌ ሳይሆን ባክቴሪያ ነው። በብሩሽ ስትፈትጉት ተበታትኖ ሌላ ቦታ ይይዛል። ለእሱ የሚሆነውን ዘዴ ከታች ለብቻው ታገኙታላችሁ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ጫፉ ሹል የሆነ ንጹሕ መቀስ
- ሁለት ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ (ጠንካራው ቅጠል ይቧጭራል)
- ሁለት ሳፋ እና 10 ሊትር የሚይዝ አንድ ባልዲ፤ ሳሙና ወይም ኦሞ ነክቷቸው የማያውቁ
- ውሃ መሳቢያ ጎማ
- ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 3 በመቶ፣ ከፋርማሲ። የተገኘው 6 በመቶ ከሆነ በእኩል መጠን ውሃ አቅጥኑት። ፀጉር ቤት ውስጥ የሚሠራበትን ክሬም አትጠቀሙ፤ ሌላ ነገር ተቀላቅሎበታል።
- 10 ሚሊ ሊትር የሚይዝ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ
- ሽታም ቀለምም ያልተጨመረበት ተራ በረኪና፣ ጥንካሬው 5 በመቶ አካባቢ የሆነ
- ክሎሪን ማስወገጃ። ከዓሣ መሸጫ ካጣችሁት ስኳርና ቀለም የሌለው 500 ሚሊ ግራም የቫይታሚን ሲ ክኒን ለማለቅለቂያው ባልዲ ይሠራል፤ ቫይታሚን ሲ ክሎሪንን ያከሽፋል።
- የጎማ ጓንትና ሰከንድ የሚቆጥር ስልክ

ማስጠንቀቂያ

እጃችሁን ውሃ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ማሞቂያውን፣ ፊልተሩንና መብራቱን ከሶኬት ንቀሉ። ማሞቂያው ከተነቀለ በኋላም ለ15 ደቂቃ ውሃ ውስጥ ይብረድ፤ ሳይበርድ ከውሃ በላይ ከቀረ የራሱ መስታወት ሊሰነጠቅ ይችላል።

በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ነገር ጋር ፈጽሞ አታገናኙ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ከፐርኦክሳይድም ጋር በአንድ ዕቃ አይደባለቅም። ሥራውን መስኮት ተከፍቶ ወይም በረንዳ ላይ ሥሩት። በረኪና ወደ አኳሪየሙ በምንም ዓይነት መንገድ መግባት የለበትም፤ ጥቂቱም የዓሣ መተንፈሻ ያቃጥላል፣ ፊልተሩ ውስጥ ያለውንም ጠቃሚ ባክቴሪያ ይገድላል።

አሠራሩ

1. ውሃውን አዘጋጁ። ከአኳሪየሙ 30 ሊትር ያህል በጎማ ሳቡና አንዱን ሳፋ በእሱ ሙሉ። የተረፈውን አትድፉት፤ ፊልተሩን የምታጥቡት በእሱ ነው። ተክሉን በራሱ ውሃ ውስጥ ማጽዳት የሙቀት ድንጋጤን ያስቀራል። ሁለተኛው ሳፋ ለበረኪና ብቻ ይሁን።

2. የሚወጣውንና የማይወጣውን ለዩ። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ ስለሚታሰሩ ከነታሰሩበት ይወጣሉ። ጠጠር ውስጥ ሥር የሰደደ ክሪፕቶኮሪን ግን አይነቀልም። ክሪፕቶኮሪን ቦታው ሲነካበት ቅጠሉን ሁሉ አቅልጦ ይጥላል፤ ያን ጊዜ የሚበሰብሰው ቅጠል ራሱ ለአልጌ ምግብ ይሆናል። እሱን ባለበት አጽዱት።

3. ቁረጡ። ከግማሽ በላይ በአልጌ የተሸፈነ፣ ቢጫ የሆነ ወይም የተበሳሳ ቅጠል ይወገድ። የተጎዳ የአኑቢያስ ቅጠል ተመልሶ አያገግምም፤ ተክሉን ጉልበት እያስጨረሰ የአልጌ ማደሪያ ሆኖ ይቀራል። የምትቆርጡት የቅጠሉን ግማሽ አይደለም፤ ቅጠሉን የያዘውን ዘንግ ከሥሩ፣ አግድም ከሚሄደው ወፍራም ግንድ አጠገብ ነው። ግንዱን ራሱን ግን አትንኩ፤ አዲስ ቅጠል የሚወጣው ከዚያ ነው። በአንድ ጊዜ ከተክሉ ቅጠሎች ከአንድ ሦስተኛ በላይ አትቁረጡ። የባሰ ከተሸፈነ የቀረውን ከ2 ሳምንት በኋላ ጨርሱ፤ ተክሉ ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ስለሆነ ባዶውን ከቀረ አልጌውን የሚሻማበት አቅም ያጣል።

እንደ ሎድዊጂያና ሮታላ ያሉ ቀጥ ብለው የሚያድጉ ተክሎች ላይ ነገሩ ይቀላል። አልጌ የሚይዘው የታችኛው አሮጌ ክፍላቸውን ስለሆነ ንጹሑን የላይኛ 10 ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ጠጠር ውስጥ እንደ አዲስ ትከሉት፤ የታችኛውን ጣሉ። መታጠብም መነከርም አያስፈልገውም።

4. በብሩሽ ፈትጉ። ቅጠሉን ሳፋው ውስጥ እንዳለ ከሥር በመዳፍ ደግፉት፤ ብሩሹን ከዘንጉ ወደ ጫፉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሂዱበት። ወደ ኋላ መመለስ ቅጠሉን ከዘንጉ ላይ ይገነጥለዋል። ክር አልጌ ከሆነ ብሩሹን መሐሉ ላይ አስገብታችሁ አሽከርክሩት፤ ተጠምጥሞ በአንድ ላይ ይወጣል። ይሄ ሁሉ ከአኳሪየሙ ውጭ የሚሠራበት ምክንያት አለው። የተበጠሰችው ቁራጭ ሁሉ ሄዳ ሌላ ቅጠል ላይ መብቀል ትችላለች።

ከዚህ በኋላ ተክሉን አንሥታችሁ በብርሃን እዩት። ንጹሕ ከሆነ ወይም የቀረበት ጥቂት ከሆነ በቀጥታ ወደ ተራ ቁጥር 7 ዝለሉ።

5. ፐርኦክሳይድ ቀቡ። የቀረው ጥቁር ጢም ከሆነ ተክሉን ከውሃ አውጥታችሁ አራግፉት፤ 3 በመቶውን ፐርኦክሳይድ ሳታቀጥኑ በሁለተኛው ብሩሽ ወይም በሲሪንጅ አልጌው ላይ ብቻ አድርጉ። ይፈላል፤ የሚሠራው ያን ጊዜ ነው። 5 ደቂቃ ጠብቁና በአኳሪየም ውሃ አለቅልቁት። በዚያ መሐል ሥሩ እንዳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት። ፐርኦክሳይድ ተበታትኖ ውሃና ኦክስጅን ስለሚሆን መርዝ አያስቀርም፤ ከበረኪና የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ሞስና ሪክሲያ ለሚባሉት ለስላሳ ተክሎች ግን አይሆንም፤ ያነጣቸዋል።

6. በረኪና፣ የመጨረሻ አማራጭ። ፐርኦክሳይዱ ካልበቃ፣ ወይም ተክሉ ከሌላ ሰው አኳሪየም የመጣና ሙሉ በሙሉ የተወረረ ከሆነ 950 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ 50 ሚሊ ሊትር በረኪና ጨምሩ። በረኪና ፀሐይ ላይ ከቆየ ኃይሉ ስለሚቀንስ በቅርብ የተከፈተ ይሁን። ሰዓቱ እንደ ተክሉ ይለያያል፦

- አኑቢያስና ጃቫ ፈርን፦ ቢበዛ 2 ደቂቃ
- ኤኪኖዶረስ እና ተነቅሎ የመጣ ክሪፕቶኮሪን፦ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ
- ቀጥ ብለው የሚያድጉ ቅጠለ ስስ ተክሎች፦ ከ60 ሰከንድ አይለፍ፤ ቆርጦ መትከሉ ይሻላል
- ቫሊስኔሪያ፣ ሞስ፣ ኤሎዲያ፣ ሴራቶፊለም፦ ፈጽሞ አይነከሩም

ተክሉን ገልብጣችሁ በሥሩ ያዙትና ቅጠሉን ብቻ ንከሩ፤ ሥር ከቅጠል ይልቅ ቶሎ ይቃጠላል። መጀመሪያ አንድ ተክል ብቻ ሞክራችሁ 3 ቀን ጠብቁ። አልጌው ውስጥ እያለ እንዲነጣ አትጠብቁ። ቀለሙ የሚለወጠው በኋላ ነው፤ ሳፋው ውስጥ እስኪነጣ የተጠበቀ ተክል አብሮ ሞቷል።

7. አለቅልቁ። ፐርኦክሳይድ ወይም ብሩሽ ብቻ የነካው ተክል በንጹሕ ውሃ አንዴ ከተለቀለቀ ይበቃዋል። በረኪና የነካው ግን ለአንድ ደቂቃ ሙሉ የቧንቧ ውሃ እየፈሰሰበት ይታጠብ፤ ከዚያ 10 ሊትር ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ክሎሪን ማስወገጃውን ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው በሦስት እጥፍ (ወይም አንድ የተፈጨ የቫይታሚን ሲ ክኒን) ጨምራችሁ ለ15 ደቂቃ አቆዩት። አውጥታችሁ አሽቱት። ትንሽም የበረኪና ሽታ ካለው ውሃውን ቀይራችሁ ድገሙት። የታሰረበት እንጨት አብሮ ተነክሮ ከሆነ ደግሞ ይህን ባልዲ ሁለት ሦስት ጊዜ ያስፈልገዋል፤ እንጨት በረኪናውን መጥጦ ቀስ እያለ ስለሚለቅ። ተክሉን ፈትቶ እንጨቱን ለብቻው መፋቅ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

8. አኳሪየሙን አጽዱ። ተክሉ ውጭ እያለ ጠጠሩ ላይ የተኛውን ቆሻሻ በጎማው ሳቡ፤ መስታወቱን ፈትጉ። የፊልተሩን ስፖንጅ በተራ ቁጥር 1 ባስቀራችሁት ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት። በቧንቧ ውሃ ካጠባችሁት ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይገድልና አሞኒያ ይከማቻል፤ ዓሣውም ይታመማል፣ አልጌውም ይመለሳል።

9. መልሱ፣ ውሃ ሙሉ። አኑቢያስንና ጃቫ ፈርንን ስታስሩ ወፍራሙ ግንድ ከጠጠር በላይ ይሁን፤ ከተቀበረ ይበሰብሳል። የምትሞሉት ውሃ ከቧንቧ በቀጥታ ከሆነ ክሎሪን ማስወገጃ ይግባበት። ሮቶ ውስጥ የከረመ ውሃ ክሎሪኑ አብዛኛው ሊወጣ ይችላል፣ ግን ሮቶው ዛሬ ጠዋት ከሞላ ያው የቧንቧ ውሃ ነው፤ ማስወገጃውን አትዝለሉ።

10. ጠብቁ። ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ የሞተ ጥቁር ጢም ወደ ሮዝ ወይም ቀይ፣ ከዚያ ወደ ነጭ ይለወጣል፤ በሳምንቱ ይረግፋል ወይም ዓሣ ይበላዋል። ጥቁር እንደሆነ ከቀረ አልሞተም። በበረኪና ለመድገም ቢያንስ 2 ሳምንት ይለፈው።

ሊነቀል ለማይችለው ተክል

ክሪፕቶኮሪንና ሥር የሰደደ ሌላ ተክል ላይ ፐርኦክሳይድ እዚያው ውሃ ውስጥ ይሰጣል። ፊልተሩን አጥፉ፤ ውሃው ሲረጋ በሲሪንጅ አልጌውን ከቅርብ እየነካችሁ በዝግታ ርጩ። 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ ፊልተሩን መልሱ። ለ100 ሊትር በቀን ከ40 ሚሊ ሊትር አይበልጥ፤ ከ3 ተከታታይ ቀን በላይም አይሆንም። ፊልተሩ የሚጠፋው መድኃኒቱ እንዳይበተንና ባክቴሪያው ጋር እንዳይደርስ ነው። ዓሦች ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ቶሎ ቶሎ ከከፈቱ ወዲያው ግማሹን ውሃ ቀይሩ። ሽሪምፕ ካለ መጠኑን በግማሽ ቀንሱ። ቫሊስኔሪያ ላይ ይህንንም ባታደርጉት ጥሩ ነው፤ የተወረረውን ቅጠል ከሥሩ ቁረጡት፣ ቶሎ ይተካዋል።

ሞስ ውስጥ የተጠላለፈ ክር አልጌ በኬሚካል አይለቅም። የተወረረውን ክፍል መቁረጥና ንጹሑን ጥቂት ወስዶ እንደገና ማሰር ብቻ ነው ያለው።

ለሰማያዊ አረንጓዴው ንፍጥ

በጎማ እየሳባችሁ በተቻለ መጠን አውጡት፣ ውሃውን 30 በመቶ ቀይሩ። ከዚያ መብራቱን አጥፍታችሁ አኳሪየሙን በብርድ ልብስ ለ3 ቀን ሙሉ በሙሉ ሸፍኑት። ብርሃን እንዳይገባ ገልጣችሁ አትዩ፣ አትመግቡ፤ ጤነኛ ዓሣ 3 ቀን ይችላል። ተክል በጨለማ ኦክስጅን ስለማይሠራና የሚሞተውም ባክቴሪያ ኦክስጅን ስለሚጨርስ የአየር ፓምፑ ሌሊትና ቀን ይሥራ። መብራት በሚጠፋበት ሰሞን አትጀምሩት። በ4ኛው ቀን ገልጣችሁ የሞተውን ሳቡ፣ ግማሹን ውሃ ቀይሩ። ንፍጡ የያዘው ውሃ የማይንቀሳቀስበት ጥግ ከሆነ የፊልተሩን አፍ ወደዚያ አዙሩ፤ ካልሆነ ይመለሳል።

እንዳይመለስ

ተክሉን ብታጸዱትና ብርሃኑን ባታስተካክሉ ከአንድ ወር በኋላ ይህንኑ ሥራ ትደግሙታላችሁ። መብራቱ በቀን የሚበራበትን ጊዜ ወደ 6 ሰዓት አውርዱት። ማታ ቤት ገብታችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ይብራ። አልጌው ለ3 ሳምንት ካልጨመረ ወደ 7፣ ከዚያ ወደ 8 ሰዓት ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር ታይመሩ ነው። የሚሽከረከረው ሜካኒካል ታይመር ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ይቆማል። መብራት ለ4 ሰዓት ከጠፋ ታይመሩም 4 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ባትሪ ያለው ዲጂታል ታይመር ይህ ችግር የለበትም። መስኮት አጠገብ የተቀመጠ አኳሪየም ደግሞ ታይመሩ ምንም ቢል የሚያበራለት ፀሐይ ነው። ቦታውን መቀየር ካልተቻለ በፀሐይ በኩል ያለውን መስታወት ከውጭ በጥቁር ወረቀት ሸፍኑት።

ምግብ በቀን አንዴ፣ በ2 ደቂቃ ውስጥ የሚያልቀውን ያህል ብቻ። በየሳምንቱ ከ25 እስከ 30 በመቶ ውሃ ይቀየር። አኑቢያስ በጥላ ውስጥ የሚኖር፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ ተክል ስለሆነ ከመብራቱ ሥር በቀጥታ አታስቀምጡት፤ ትልልቅ ተክሎች ጥላ የሚጥሉበት ቦታ ይስማማዋል። ቶሎ የሚያድግ እንደ ሴራቶፊለም ያለ ተክል አብሮ ቢኖር ውሃው ውስጥ ያለውን ናይትሬት የተባለ ምግብ ከአልጌው ይሻማል።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

- ማዳበሪያ ጨርሶ ማቆም። ተክሉ ይራባል፣ ማደጉን ያቆማል፤ አልጌ ደግሞ ባነሰ ምግብ ይኖራል። አረንጓዴ ነጥብ እንዲያውም ፎስፌት ሲያንስ ይበዛል።
- ሁሉንም በአንድ ቀን ማድረግ፦ መንከር፣ ጠጠሩን መገልበጥ፣ ፊልተሩን አጥቦ ማድረቅ፣ ውሃውን ሙሉ መቀየር። ባክቴሪያው አብሮ ይሄድና ዓሣ ያልቃል።
- በረኪናውን በዓይን መጠን መቅዳት። 50 ሚሊ ሊትር በሲሪንጁ 5 ጊዜ ነው፤ ሲሪንጁን ከዚያ በኋላ ለፐርኦክሳይድ አትመልሱት።
- በልብስ ማጠቢያ ፈሳሽ መፈተግ። ሳሙና ከቅጠል ላይ ጠርቶ አይለቅም፣ የዓሣ መተንፈሻም ይጎዳል።
- «አልጌ ይበላል» ተብሎ ፕሌኮ የሚባለውን ዓሣ መግዛት። ሲሸጥ የጣት ያህል ነው፤ ሲያድግ 30 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፣ ተክል ይነቅላል፣ ጥቁር ጢም ደግሞ አይበላም። ኔራይት ቀንድ አውጣ ከተገኘ ግን ለመስታወትና ለሰፊ ቅጠል ጥሩ ነው፤ ተክል አይበላም፣ በጨዋማ ባልሆነ ውሃም አይራባም፤ እንቁላሉን ብቻ እንደ ነጭ ነጥብ እንጨቱ ላይ ለጥፎ ይተዋል። ያንን በጥፍር ብትፍቁት በቀላሉ አይለቅም፣ ብትተዉት ግን ተክሉን አይጎዳም።